ነሐሴ ሠላሳ አልሞትሽም

ለአስካለ፣ ጥላኝ ለሄደችው፤

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ደህና ባትሆኚ ኖሮ እስካሁን መጥተሽ በነዘነዝሽኝ ነበር። ከነገ ወዲያ ጳጉሜ ሦስት ነው፤ ከተለየሽኝ ድፍን ዓመት። ዓመት ሙሉ የሚያርመኝ አጥቼ እንዳሻኝ ስሳሳት ከረምኩ። ለካ መሳሳትም ያለ አንቺ አይጥምም።

ኒውላንድ ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ አለ። ጣራው "እዚህ ጋ ያፈስሳል፣ አሠራው" ባልሽኝ ቦታ ያፈስሳል። ደስ ይበልሽ፣ አሁንም ልክ አንቺ ነሽ። ፍየልሽ ባርኔጣዬን በላችው። ላርዳት ተነሥቼ ዓይኗን ባየው፣ ያንኑ ያንቺን "እስኪ ትደፍራለህ?" የሚል አስተያየት አየችኝና ቢላዬን መለስኩ። የልጅ ልጆችሽ አድገዋል። "አያታችሁ በጋምቤላ ኮምፒውተር ላይ የጮኸች የመጀመሪያዋ ሴት ናት" እላቸዋለሁ፤ ያምኑኛል።

ዛሬ ግን ለወሬ አልተቀመጥኩም። ተናድጃለሁ፤ ንዴቴን የሚችልልኝ ደግሞ ካንቺ ሌላ አላገኘሁም። ከሞትሽ በኋላ ጥፋት ጫኑብሽ።

ክልል ሆነናል ተብሎ ቢሮው እንደ እንጉዳይ በፈላ ጊዜ፣ ከጽሕፈት መኪናሽ አንሥተው ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡሽ። በሆስፒታሉ የሚወለደውንና የሚሞተውን መዝግቢ አሉሽ። እኔን አንድ ቀን ሳታለብሺኝ ያንን ቆርቆሮ አቧራ እንዳይነካው በነጠላሽ ትሸፍኚው ነበር። "እሱ እንዳንተ አያንኮራፋም" ትዪኝ ነበር። ዘንድሮ አዲስ ኮምፒውተር በአውሮፕላን መጣ። አብሮት የመጣው የአዲስ አበባ ባለሙያ ፋይሎችሽን በፍሎፒ ዲስክ እየቀዳ ወደ አዲሱ አዛወራቸው። አዲሱ ታዲያ አንዱን ስም ይቀበላል፣ ሌላውን "ስህተት" እያለ ይተፋል። ያ አንቺ "ሆዱ ቀድሞት ቢሮ ይገባል" የምትዪው ክፍል ኃላፊ ስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ፣ "ያበላሹት ሟቿ ናቸው፤ የሌለ ወር ሲጽፉ ኖረዋል" አለ።

ይህን የነገረችኝ ሥራ ያስተማርሻት አሪየት ናት። ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብላ በንዴት ታለቅስ ነበር። እኔ አላለቀስኩም። ለቀብርሽ የለበስኩትን ኮት ለብሼ ሄድኩ።

ስደርስ ቢሮሽ በር ላይ አቻላ የምትባል እናት ልጇን ታቅፋ ቆማለች። ከጎግ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ ልጇን ልታስከትብ የመጣች ናት። ካርዱ በእጅ ጽሑፍሽ "ጳጉሜ አራት ተወለደ" ይላል፤ የካቻምናው ጳጉሜ ነው። ከታቢው ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ እንዲህ ያለ ልጅ የለም ብሎ መልሷታል። "ልጁ ይኸው፣ እጄ ላይ ነው" ትላለች። "ማሽን ካላየው፣ ማሽን ዓይን የለውም።"

ገባሁና ነገሩን ጠየቅሁ። ኃላፊው "አባባ፣ ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፤ እርስዎን አያደክምዎት" አለኝ። እኔም "ግድየለህም ልጄ፣ ሚስት ቀብሬ አልደከምኩም" አልኩት። ባለሙያው ነው አንገቱን ደፍቶ የነገረኝ። አንቺ ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ነበር የምታስገቢው። እሱ አዲሱ ላይ ያንኑ ቦታ "ቀን" ብሎ አዘዘው። "ቀን" የተባለው ደግሞ የፈረንጅ ብቻ ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያይ ይደነግጣል። ጳጉሜ የተወለደ ሁሉ ተተፋ። ባለሙያው ይህን ስብሰባው ላይም እያወቀ ጥፋቱን ላንቺ ተወው። 

ኃላፊው መድኃኒት አግኝቻለሁ ባይ ነው። "ችግር የለም፣ ጳጉሜዎቹን በሙሉ ነሐሴ ሠላሳ አድርጓቸው፤ ሪፖርቱ መሄድ አለበት" ብሎ አዟል። አስካለ፣ ያን ጊዜ ብትኖሪ የጽሕፈት መኪናሽን አንሥተሽ ትወረውሪበት ነበር። እኔ ምላሴን ወረወርኩ። "ነሐሴ ሠላሳ ቀን የጋምቤላ ሴቶች ተማክረው በአንድ ቀን ወለዱ በላ! መንግሥት በጳጉሜ ደመወዝ አልከፍልም አለ እንጂ፣ በጳጉሜ አትውለዱ መቼ አለ?" አሪየት አፏን ሸፈነች። እሱ አልሳቀም። "ይውጡልኝ!" አለ።

አልወጣሁም። ወንበርሽን ስቤ ተቀመጥኩ። "የሚስቴ ወንበር ነው፤ እስኪስተካከል እዚሁ ነኝ። ጡረተኛ ነኝ፣ ቀጠሮ የለኝም" አልኩት። አቻላም ገብታ ከጎኔ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ልጇን ታጠባ ጀመር። ዘበኛ አስጠራ፤ ዘበኛው የድሮ ተማሪዬ ሆኖ እጅ ነሥቶኝ ወጣ። ቀጥሎ መብራት ሄደ፤ ቬንትሌተሩ ቆመ። የጋምቤላ ሙቀት እንዲህ ሲያግዘኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። እኔና አቻላ ለምደነዋል፤ ኃላፊው ግን በክራቫቱ ውስጥ ቀለጠ። "እንደፈለጋችሁ!" ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

መብራት ሲመጣ ባለሙያው ማንንም አልጠየቀም። "ቀን" ያለውን ወደ ጽሑፍ መለሰና ፋይሉን ከፍሎፒው እንደገና አስገባው። አንድም አልተፋም። የአቻላ ልጅ ተገኘ። ሲወጉት እንደ ባሮ ጎርፍ ጮኸ።

ቤቴ ልሄድ ስነሣ አሪየት "ጋሼ፣ ቆዩ" አለችኝ። የሞቱትን ፋይል ከፍታ ነበር። ሙት ካርድ ይዞ አይመጣም ብለው ለካ መጀመሪያ ያረሙት እናንተን ሙታኑን ኖሯል። ስምሽ አለ። ፊት ለፊቱ ነሐሴ ሠላሳ ይላል።

ወንበርሽ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ነሐሴ ሠላሳ ምን እንደሆንን ታውቂያለሽ። ስለዚያ ጣራ ተጣልተን፣ "ሰነፍ ሽማግሌ" ብለሽኝ፣ እኔም የማይጻፍ ነገር ብዬሽ፣ ጀርባ ለጀርባ ተኛን። ጳጉሜ አንድ ኩርፊያ ነበር። ጳጉሜ ሁለት ወባው ለቀቅ ሲያደርግሽ፣ ጥርስ ለሌለኝ ለእኔ የበቆሎ እሸት ፈልፍለሽ በመዳፍሽ ሰጠሽኝ፤ "ብላ፣ ሰነፍ" አልሽኝ። ሳቅን። ጳጉሜ ሦስት ልጆቹ ደጅ በሩፋኤል ዝናብ ሲጠመቁ፣ ጩኸታቸውን እያዳመጥሽ ሄድሽ። ያ ሰውዬ ነሐሴ ሠላሳ ሲያደርግሽ የወሰደብኝ ሦስት ቀን ብቻ አይደለም። እንደተኳረፍን ሊለያየን ነበር።

አሪየት ቀንሽን መልሳ ጻፈችው። የሌሎቹንም ሁሉ፣ አንድ በአንድ።

ሰውዬው እስከ ዛሬ ይቅርታ አላለም፤ እኔም ይቅር አላልኩትም፣ አታስታርቂን። ግን ለሙት ዓመትሽ ጠራሁት፤ "ነሐሴ ሠላሳ፣ ምሳ ሰዓት" ብዬ። ትናንት ነጭ ለብሶ መጣ። ግቢው ጭር ብሏል፤ የተቀበለችው ፍየሏ ናት። "ዛሬ አይደለም እንዴ?" አለኝ። "ባንተ አቆጣጠር ነው ዛሬ፤ እኛ ጋ ገና በሕይወት አለች" አልኩት። ጫማው ጭቃ እያነሣ ሄደ፤ ፍየሏም የነጠላውን ጫፍ አስቀርታለች።

ከነገ ወዲያ ዳሱ ይጣላል። አሪየት ትመጣለች። ዝናብ ከጣለ ልጆቹን አልከለክልም፤ እኔም ራሴን አጎንብሼ እገባበታለሁ። በየዓመቱ ጳጉሜ ሦስት፣ የበቆሎ እሸት ይዤ፣ አንቺ ጋ እስክመጣ ድረስ።

ጣራውን ግን አላሠራውም። ሲያፈስስ ድምፅሽን እሰማለሁ።

ሰነፉ ሽማግሌሽ