ኔትወርክ የሚይዘው ድንጋይ

ኅዳር 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ዛሬም ከባሌ አባት ከኦቦ ቶሌራ ጋር ደንዲ ተራራ ወጣን። በቀበሌያችን ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ኔትወርክ የሚይዘው ጫፉ ላይ ያለው ትልቁ ድንጋይ ብቻ ነው። ሣሩ በጤዛ ያንሸራትታል። ሽማግሌው ትከሻዬን ይዘው፣ እያረፉ ነው የወጡት።

ድንጋዩ ሥር ሰው ተራውን ይጠብቃል። ተራዬ ሲደርስ ላዩ ላይ ቆሜ ለባሌ ደወልኩ። ያቺው የቴሌ ሴትዮ፣ ያው «ማግኘት አይቻልም»። ለሥራ ብሎ ወደ ባኮ ከሄደ ጀምሮ ስልኩ አንድ ቀን እንኳ ጠርቶ አያውቅም።

ኦቦ ቶሌራ ፊቴን አይተው ትከሻዬን ያዙ። ስንወርድ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣ ጉልበቴ ከእንግዲህ እሺ አይለኝም። ብቻሽን ውጪ። ስትመለሺ፣ ባይጠራም ‹ጠርቶ ነበር፣ አላነሳም› በይኝ።»

እሺ አልኳቸው።