ጥለቱ ወደ ታች

ውድ ወይዘሮ ኣምለሰት፤

ይህን የምጽፍልዎ በስልክ ልነግርዎ ስላልቻልሁ ነው። እርስዎ በደወሉ ቁጥር ሮሃ ካለችበት ሮጣ ትመጣና ጉንጯን ስልኩ ላይ ትለጥፋለች። «ዓባየይ» ትላለች፣ በእርስዎ ትግርኛ «አያቴ»። የእኔ ድርሻ ስልኩን መያዝ ነው፤ ክንዴ እስኪዝል እይዛለሁ። የልጅ ልጃችን ስድስት ዓመት ሞልቷት ከአፏ የሚወጡት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ከእነዚያ አንዱ የእርስዎ ነው። እኔን በምንም አትጠራኝም።

እቀናብዎታለሁ። በዚህ ዕድሜ ቅናት አያምርም፤ ቢሆንም ያለውን የለም ማለት አልተማርሁም።

ወንድምዎን ሊቀብሩ መቀሌ ሄደው እዚያው ከቀሩ ወዲህ የሆነውን ልንገርዎ። ልጆቻችን ከአትላስ ወጥተው አያት ኮንዶሚኒየም ገቡ። እኔም መገናኛ ያለውን ቤቴን ዘግቼ ሮሃን ልጠብቅ መጣሁ። ኦቲዝም ላለባት ልጅ ትንሹ ለውጥ እንኳ ከባድ እንደሆነ የምትከታተላት ባለሙያ ደጋግማ ነግራናለች። እኛ ግን በአንድ ክረምት የእርስዎን መሄድ፣ አዲስ ቤትና እኔን ጫንንባት። መስከረም ላይ ደግሞ አዲስ ትምህርት ቤት ይጠብቃታል። እሷም ከበሩ አልወጣም አለች። ጫማዋን ሳነሣ መሬት ላይ ትዘረራለች።

ልጅዎ ረሆቦት አንድ ቀን ወጥ እያማሰለች፣ «ትምህርት ቤት እስኪከፈት መውጣት ካልለመደች እናቴን እንጠራታለን» አለችኝ። ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን ፈተና የወደቅሁ ያህል ቆጠርሁት።

በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝ። መነሣቱም መብላቱም መተኛቱም በደወል ነበር። ስለዚህ ትንሽ ቃጭል ገዛሁ። ገና ሳንቃጭለው ሮሃ ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ልጄ አብኔዘር ከመኝታ ቤት ብቅ አለ።

«እማዬ፣ ልጅቷ ገዳም አልገባችም እኮ!»

«ታዲያ አማትህ በምን ነበር የሚያስወጧት?»

«እኔ እንጃ። ነጠላቸውን ሲለብሱ እሷ ራሷ ትነሣ ነበር።»

ነጠላ! ነጠላ እኔም አለኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከእርስዎ የተሻለ ጥበብ ያለበት። በማግስቱ አጠገቧ ቆሜ፣ እያየችኝ ቀስ ብዬ ለበስሁ። ለሱቅ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ለቤተ ክርስቲያን አጣፍቼ። ዐይኗ ከነጠላው አልተነቀለም። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም፤ ጫማዋን ግን አመጣች። መጀመሪያ ደረጃውን ወርደን ተመለስን። ሌላ ቀን እስከ ግቢው በር፣ ከዚያ እስከ ሱቁ፣ በኋላ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ደረስን። ረሆቦት አቅፋ ሳመችኝ። ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም፤ በገዛ ነጠላዬ ውስጥ እርስዎ የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ጎረቤታችን አቶ ወልደጻድቅ ዐረፉ። ሮሃን ለእናቷ ትቼ ለቅሶ ልደርስ ተነሣሁ። እንደ ደንቡ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ ስወጣ ሮሃ አየችኝ። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። እጇን መንከስ ጀመረች። ረሆቦት ሮጣ መጣችና እኔን ስታይ ደርቃ ቀረች።

«እናቴ የሄደች ቀን እንዲህ ነበር የለበሰችው» አለች።

እርስዎ በዚያ አለባበስ ወጥተው አልተመለሱም። ለእኛ ሐዘን ነው፤ ለእሷ ተመልሶ የማይመጣ ሰው ልብስ ነው። ቀርቤ ላባብላት ስል እሷ ቀደመችኝ። ነጠላውን ከአንገቴ ጎትታ አወረደች። አገላበጠችው፤ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ትከሻዬ ላይ መለሰችና በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው። ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ።

ወይዘሮ ኣምለሰት፣ ያን ጊዜ የጮኸችው ለእርስዎ ነው ወይስ ለእኔ? ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ። ለእኔ ነው ብዬ ወሰንሁ፤ አይከራከሩኝ።

ለቅሶ መቅረት ነውር ነው። ደረጃው ላይ ነጠላዬን ልዘቀዝቅ አሰብሁ፤ ድንኳኑ ግን ግቢው ውስጥ ከመስኮታችን ፊት ለፊት ነበር። ስለዚህ እንዳለሁ፣ ጥለቱ ወደ ታች ሆኖ ገባሁ። የሰው ሁሉ አንገት ዞረ። ብሩክታይት የምትባል ጎረቤት አለች፣ ምላሷ አያርፍም።

«ፈለቄ፣ ሰርግ መሰለሽ እንዴ?»

ከኋላ አንዷ፣ «ተያት፣ እርጅና ነው» አለች።

የስንቷን ነጠላ በአደባባይ ያቃናሁ ሴት፣ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥሁ። በድንኳኑ ክፍት በኩል ቀና ስል ሮሃ መስኮቱ ላይ ነበረች። አላለቀሰችም። ስመለስም እዚያው አገኘኋት።

ረሆቦት ከዚያ ወዲህ እርስዎን የመጥራቱን ነገር አታነሣም። አሁን የምጠራዎ እኔ ነኝ። ለመስቀል ይምጡ። ዘቅዝቆ የወጣ ሰው እንደሚመለስ ሮሃ በዐይኗ ማየት አለባት፤ ይህን ደግሞ እኔ ላሳያት አልችልም። ሐዘንዎ ገና እንዳልወጣ አውቃለሁ፤ በራችን ላይ ሲደርሱ ግን ጥለቱ ወደ ታች ይሁን። ፎቶዎን እንደዚያው ለብሰው አስቀድመው ይላኩልኝ፤ እስኪመጡ ድረስ አሳያታለሁ። ሮጣ እቅፍዎ ውስጥ ስትገባ እኔ ወጥ ቤት ብሆን አይቀየሙኝ።

የመመለሻ ትኬትዎንም ቆርጠው ይምጡ።

ገና ስም ያላወጣችልኝ አያቷ፣
ፈለቀች