ዝንጅብል ልትገዛ ወጥታለች

ይድረስ ለውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ፈትሁዲንስ ደህና ነው? ሱቁስ እንዴት ይዟል? የኪያስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? እኛ ስሙ ይመስገን አለን። እማዬም አለች። ዓይኗ ከጥላ በቀር አያይም፤ ጆሮዋ ግን ጎረቤት የሚንሾካሾከውን ሳይቀር ይለቅማል። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽም ለዚሁ ነው።

ሐኪሙ "ያማራትን ስጧት" ብሎ ወደ ቤት ከመለሰን ሦስት ሳምንት ሆነ። ያማራት የዝንጅብል ሻይ ብቻ ነው። የእኔን ቀመስ ታደርግና "ይሄማ የዝንጅብል እጣቢ ነው" ብላ ትመልሰዋለች። በቴሌግራም የአንቺን አሠራር ስጠይቅሽ ለጉንፋኔ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነበር። ይቅር በይኝ።

እንዳልሽው አደረግኩ። ከአዲሎ የመጣውን ዝንጅብል መርጬ ልጣጩን በማንኪያ ፋቅኩ፤ መክተፉን ትቼ በሙቀጫ ወቀጥኩት። በቀዝቃዛ ውሃ ጥጄ፣ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ጣል አድርጌ፣ ሽታው ቤቱን እስኪሞላው ጠበቅኩ። ሻይ ቅጠሉን ካወረድኩት በኋላ ጨምሬ ከደንኩት። ለካ እስከ ዛሬ አብሬ እያንተከተክኩ ነው የማመርረው! ሙያ የለሽም ስትይኝ እውነትሽን ነው።

እማዬ አንዴ ፉት አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ "መቼ ገባች?" አለችኝ።

እትዬ፣ ምን ልበላት? ፈትሁዲንን ያገባሽ ጊዜ "ከእንግዲህ ከእጇ ውሃ አልጠጣም" ብላ በሚካኤል ስትምል አጠገቧ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት ስምሽን አላነሳችም። አሁን ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ መልሴን ትጠብቃለች። እኔ ነኝ ያፈላሁት ብላት ፊቷ ላይ የመጣው ነገር ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። "ጠዋት ገባች፤ ዝንጅብል ልትገዛ ገበያ ወጥታ ነው" አልኳት።

ብርጭቆውን አንጠፍጥፋ ጠጣችው።

ይኸው ሁለት ቀን፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች። "ምነው፣ የሆሳዕና ገበያ እንዲህ ራቀ እንዴ?" ትለኛለች። 

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ የሚኒባስ ሹፌሩ መልካሙ ነው። ነገ ጠዋት ከእናንተ ከጊምቢቹ ወደ ሆሳዕና ስለሚመለስ የፊቱን ወንበር እንዲይዝልሽ ነግሬዋለሁ። ኪያንም አምጫት፤ አያቷን ትያት። ስትገቢ ደግሞ ዝንጅብል በእጅሽ ይኑር፤ ከገበያ ነዋ የምትመጪው።

መንገድሽን ቸሩ አምላክ ያቅናልሽ፤ እማዬንም እስክትደርሺ ያቆይልን።

ውሸታሟ ታናሽ እህትሽ