ለስልሳ ሁለት እርምጃ ሰባት ሰዓት

ለተከበሩ የሸሚዝ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በቢሮዎ መስኮት ላይ የተደረደሩት አበቦች በሙሉ ጤና እንዲቆዩልን ከልብ እመኛለሁ። አበቦቹን ያነሣሁት በሰዓታቸው ውሃ እንደሚጠጡ ስለማውቅ ነው፤ ኮሌታ የምንሰፋው ሴቶች ገና ለዚህ ማዕረግ አልበቃንም።

እኔ ዘጠኝ ዓመት ኮሌታ የሰፋሁ፣ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ብቻዬን የማሳድግ ሠራተኛዎ ነኝ። በሩ ላይ ያስለጠፉት «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» የሚለው ጽሑፍ ስላደፋፈረኝ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ላዋይዎ ተነሣሁ።

1ኛ/ ሐሳባችን እንዳይበታተን ብለው ጠዋት ስንገባ ስልካችንን ለጥበቃው እንድናስረክብ ስላደረጉን አመሰግናለሁ። የቸገረው ሰው ወደ ቢሮ ይደውላል፣ ጸሐፊዋ መልእክቱን ወረቀት ላይ ትጽፋለች፣ ወረቀቱም ሥራ እንዳያስተጓጉል በእርስዎ ትእዛዝ ሳጥን ውስጥ ውሎ በመውጫ ሰዓት ይታደለናል። ይህን ለማሰብ የእርስዎ ዓይነት ጭንቅላት ያስፈልጋል።

2ኛ/ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ የልጄ አስተማሪ ደወለች። ጸሐፊዋም «ልጅሽ አስሟ ተነሥቶባት መተንፈስ አቅቷታል፤ ቶሎ ነይ» ብላ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አሰፈረች። «ቶሎ» የሚለው ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ወረቀቱ የደረሰኝ አስራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ከቢሮው ስልክ እስከ ማሽኔ ያለውን በኋላ ቆጠርኩት፤ ስልሳ ሁለት እርምጃ ነው። በእነዚያ ሰባት ሰዓታት ሦስት መቶ አርባ ኮሌታ ሰፍቻለሁ፤ አንዱም ተበላሽቶ አልተመለሰብኝም። እንኳን ደስ ያለዎት።

ክሊኒክ ስደርስ አስተማሪዋ እኔን ስታጣ የጠራቻት ጎረቤቴ የልጄን እጅ ይዛ ተቀምጣለች። ልጄ ኦክስጅኑ ከአፍንጫዋ ሳይነሣ «እማ፣ ጠርቼሽ እኮ ነበር» አለችኝ። እርስዎ የተማሩ ሰው ስለሆኑ፣ ለዚህ ምን ብዬ መመለስ እንደሚገባኝ ቢጠቁሙኝ ውለታዎን አልረሳም።

3ኛ/ የዚያን ዕለት የክር መቁረጫ መቀሴን ሳላስረክብ ሮጬ በመውጣቴ ስለሰጡኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አመሰግናለሁ። መቀሱ ሽርጤ ላይ እንደታሰረ ክሊኒክ መድረሱ እውነት ነው። ማስጠንቀቂያው ግን ሳጥን ውስጥ አልዋለም፤ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጸሐፊዋ ያንኑ ስልሳ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ማሽኔ ድረስ አምጥታ አስፈረመችኝ። ለካ ይቻላል!

4ኛ/ ከዚህ በላይ ለመቀለድ አቅም የለኝም። ሐኪሙ ሕመሙ ተመልሶ ይነሣባታል ብሎኛል፤ ሲነሣም ጊዜ አይሰጥም ብሎኛል። ሥራውን እንዳልተው መድኃኒቷ የሚገዛው በዚሁ ነው። በማሽኑ ጩኸት መካከል ሁልጊዜ ስልክ የሚጮህ ይመስለኛል፤ ቀና እላለሁ፣ መልሼ እሰፋለሁ። ክቡር ሆይ፣ ስልኬን ይመልሱልኝ አላልኩም። የልጄ ወረቀት ብቻ በተጻፈበት ደቂቃ ይድረሰኝ። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ።

ማስጠንቀቂያ ቁጥር አንድ ከማኅደሯ የተያያዘላት፣ ለቁጥር ሁለትም ቦታ ያዘጋጀች፣ ታማኝ የቤተሰብዎ አባል፣
ኮሌታ ሰፊዋ፣ ሁለተኛ መስመር፣ ከመስኮቱ ሦስተኛው ማሽን

ግልባጭ፦ ወረቀታቸው ሳጥን ውስጥ ለሚውል ባልደረቦቼ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ለዚህ ደብዳቤ መልስዎ ስንብት ከሆነ፣ እባክዎ እንደ ማስጠንቀቂያው በጠዋት ማሽኔ ድረስ ይላኩልኝ። ያን ቀን እንኳ ልጄ ብትጠራኝ እደርስላታለሁ።