ሙዚየም የገባው የአባትሽ ማሽን

አንቺ «ያለፈ ነገር አትቆስቁስ» እያልሽ አፌን የምትዘጊው፣ መጀመሪያ ይሄን ፖስትካርድ ገልብጪና ፎቶውን እዪው።

ቼክ ላይ «ተከፍሏል» ብሎ የሚበሳው ማሽን ነው። አዎ፣ አባትሽ ሰረቁት ተብለው ከባንክ የተባረሩበት። እዚህ የባንክ ሙዚየም ገብቼ፣ ከድሮ ቼኮች መሃል መስታወት ውስጥ ተጎልቶ ሳየው ክው አልኩ። በምን አወቅከው እንዳትዪኝ። እጀታው ልክ እንደ እናንተ ቤት ማንቆርቆሪያ በብስክሌት ጎማ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ በቀይ ሽቦ ታስሯል። ከአባትሽ ሌላ እንዲህ የሚያስር ሰው ካለ አሳዪኝ።

አስጎብኚዋን «ይሄን ማን ሰጣችሁ?» አልኳት።

«የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ስንት ዓመት ቤታቸው ጠብቀው ያቆዩትን ነው ያበረከቱልን። ደግ ሰው ናቸው።»

ከሥሩ የተጻፈውን ስም አየሁት። ያ ከረባቱ የምንለው አለቃቸው ነው፤ አባትሽን በዘበኛ አስገፍትሮ ያስወጣው ከረባቱ!

«ደግ?» ብዬ መስታወቱን ብደበድበው፣ የሙዚየሙ ጥበቃ «ኧረ ወንድሜ ቀስ፣ ዕቃው ውድ ነው» አለኝ። አባትሽን ስማቸውን ያስከፈለ ዕቃ ውድ መሆኑን ለእኔ ይነግረኛል።

ቦታ ጠበበኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም አገላብጠሽ። ካርዱን ግን ከአባትሽ እንዳትደብቂ፣ እጃቸው ላይ አድርጊላቸው። የባንኩ ጡረተኞች ሲሰበሰቡም ይዘውት ይሂዱ። ከረባቱ እንደልማዱ ፊት ወንበር ላይ አይጠፋም። ይነሳና ሁሉም እየሰማው በማይክ ይመልስ፦ ተሰረቀ የተባለው ማሽን እሱ ቤት ምን ይሠራ ነበር?