ፊሽካ የተሳለበት መጽሐፍ

ሃኒ፣
ወጡ ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቂና ብዪ።

የጫካ ኑሮ ያስተምራሉ ያልሻቸውን ሦስት መጻሕፍት አገላብጬ አየሁ። እንግሊዝኛ ባላነብም ሥዕል አይጠፋኝም። እሳት ማያያዙን እንጦጦ ላይ እንጨት ስለቅም ያረጀሁት እኔ አሳይሻለሁ።
ፊሽካ የሚነፋ ሰውና ከሩቅ የሚመልስለት የተሳሉበትን ያዢ፤ ሁለቱን ለሻጩ መልሺ።

የእንጨት ለቀማ ጓደኛዬ ሐመልማል ጉም ውስጥ ጠፍታ ስትጠራኝ ዝም አልኩ። ጫካ ውስጥ ስምሽን የሚጠራ ሰይጣን ነው፣ አቤት እንዳትዪ ተብዬ ነው ያደግሁት።
በማግስቱ ገደል ሥር አገኘናት።
ጉም በወረደ ቁጥር ዛሬም ትጠራኛለች።

ትናንት ጫካ ልወጣ ነው ስትዪኝ «ሂጂ፣ ጅብ ይብላሽ» ያልኩሽ ከዚሁ የመጣ ነው።

ኪዳነ ምሕረት ሄጃለሁ። ቅዳሜ ጫካ ስትወጪ አብሬሽ እወጣለሁ፤ ስለ ጉልበቴ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ።
ከጠራሽኝ አቤት እላለሁ።

አያትሽ ፈትለወርቅ