ከሰርባቲዮው የቀዳሁት ናፍጣ

ደሜ፣

ለማንም ያልነገርኩትን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ናፍጣውን ከመኪናህ የነዳጅ ታንክ፣ ከሰርባቲዮው፣ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ዓመት ሆነህ፤ ይህን ቃል ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። እኔ ግን ዛሬ ራሴንም አንተንም ልወቅስ ነው የተቀመጥኩት። ተናድጃለሁ።

ባለፈው ሳምንት የፒካፕዋን የነዳጅ ጌጅ አሠራሁ። አዎ፣ ያንን ጌጅ። መርፌው ባዶ ላይ ተኝቶ፣ አንተ በሰርባቲዮው አፍ ልምጭ እየሰደድክ ዘጠኝ ዓመት የነዳህበትን። ልምጯ ላይ በቢላ የጫርካቸው ሦስት ምልክቶች ነበሩ፤ ሦስቱም ከከተማችን ከወደራ ነገሌ ደርሶ መልስ ነው ትል ነበር።

አሁን የምትነዳት ሰናይት ናት። ያቺ ጭንህ ላይ ተቀምጣ መሪ የምትይዘው ልጅህ ዛሬ ቅቤና ማር ነገሌ ታመላልሳለች። በቀደም ጠዋት ልምጯን ከሰርባቲዮው አወጣች፣ እርጥቡን በአውራ ጣቷ ዳበሰችና «ይበቃል» አለች። ልክ እንደ አንተ። ጌጁ ሳይሠራ ይቺ መኪና ከግቢ አትወጣም አልኩ። ሳቀችብኝ። «እማዬ፣ አባባ ስንት ዓመት ነድቶባት የለ?»

ለመካኒኩ መፍቻ ስፈልግ ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ሳጥንህን ገለበጥኩት። ከታች በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ክንድ የመሰለ ሽቦ፣ ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ። አዲስ፣ ያልተነካ የጌጁ ዕቃ። ደረሰኙም አብሮ አለ፤ ከቡሌ ሆራ፣ በስምህ። አንተ ሳለህ ፊደል አልለይም ነበር፤ ልጆቹ ሲተኙ ደብተራቸውን እየገለጥኩ ለብቻዬ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ቀኑን ራሴ አነበብኩት። ከመሞትህ ሁለት ዓመት በፊት የገዛኸው ነው። እኔን ግን ዕቃው ከገበያ ጠፋ ብለኸኝ ነበር።

የነገሌው መካኒክ ልምጯን አይቶ «እትዬ፣ ይቺ መኪና በልምጭ ነው እንዴ ያደገችው?» አለኝ። ሰርባቲዮውን አውርዶ አሮጌውን ዕቃ አሳየኝ። ተንሳፋፊው ተበስቶ፣ ናፍጣ ጠጥቶ ሰምጧል። ያንተን አዲሱን አስገባ፤ ላስቲኩ በቆይታ ብዛት ስለ ደረቀ እሱን ብቻ በሌላ ቀየረው። ናፍጣ ሲሞላ መርፌው ቀስ እያለ ተነሣ። ጠዋት ጀምሮ ምሳ ሳይደርስ ጨረሰ። ምሳ ሳይደርስ፣ ደሜ! ለዚህች ሥራ ነው ሁለት ዓመት ከወንበር ጀርባ የደበቅካት?

ለምን እንደ ሆነ አውቃለሁ። የወደራ ሾፌር ሁሉ «የደመቀ ልምጭ አትዋሽም» ሲል ደስ ይልህ ነበር። ወታደር ቤት የተማርከው ነገር ይመስል በሰው ፊት እየለካህ ታስወራርድ ነበር። ጌጁ ቢሠራ ያ ሁሉ ይቀርብሃል። ኩራትህን ወደድክ።

ልምጯም አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

አንተ በሞትክበት ሳምንት በከተማው ናፍጣ ጠፍቶ ነበር። ጎረቤት ሰው ሞቶ፣ የለቅሶው እህል ሳይፈጭ ወፍጮው ቆመ። አንተ ለክተህ በእግርህ ወደ ገበያ ስትወጣ በጎማ ቱቦ ስቤ አንድ ጄሪካን ቀዳሁና ለወፍጮ ቤቷ ሰጠሁ። ሰርባቲዮህን የነካን ሰው እንዴት እንደምትጮህበት አውቃለሁ። ተረጋግተህ ሳገኝህ እነግርሃለሁ አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ሆድህን ይዘህ ወደቅክ።

ጓደኛህ ገልገሎ ወደ ነገሌ ሆስፒታል ሊነዳ ሲመጣ መጀመሪያ እጁን የሰደደው ወደ ልምጯ ነው። አንተ ከኋላ ተኝተህ «ትናንት ለክቻለሁ፣ ሦስት ነው! ንዳ!» ብለህ ጮህክበት። ገልገሎ ወደ እኔ ዞረ። «የሰናይት እናት፣ እንሂድ?» አለኝ። አፌን ከፍቼ ነበር። በዚያ ሕመምህ ላይ እንኳ ቁጣህን ፈራሁ። ለመሄጃ ብቻ ከሆነ ይበቃናል ብዬ በልቤ ደመርኩና «እንሂድ» አልኩት።

መኪናዋ ነገሌ ሳንደርስ ናፍጣ ጨርሳ ቆመች። ከጠዋት እስከ ቀትር ግራር ሥር ይዤህ ተቀመጥኩ። ገልገሎ ጫማው እስኪቀደድ በሁለቱም አቅጣጫ ሮጠ። ከብት የጫነ መኪና ሲያነሣን ዓይንህ ተከድኖ ነበር፤ የነገሌን ቆርቆሮ አላየህም።

ለቅሶህ ላይ ወንድምህ በሰው ሁሉ ፊት ገልገሎ ላይ ተነሣበት። «ሳይለካ ነድቶ ወንድሜን መንገድ ላይ ገደለው» አለ። ገልገሎ አንገቱን ደፋ። «ደመቀ ራሱ ንዳ አለኝ» ማለት ይችል ነበር። አንተን መውቀስ ነውር ሆኖበት ተሸከመው። እኔም ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ተሸከምልኝ አልኩት፤ በአፌ ሳይሆን በዝምታዬ። ከዚያ በኋላ ማንም መኪና አልሰጠውም። ዛሬ የሰው ፍየል ይነዳል። በበራችን ሲያልፍ ከሩቅ «ናጋ?» ይለኛል፤ «ናጋ» እለዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያወራነው ይህን የሰላምታ ቃል ብቻ ነው።

አንተ ጌጁን አስገብተህ ቢሆን፣ ገልገሎ መርፌውን አይቶ ይጠይቀኝ ነበር። እኔ ቁጣህን ባልፈራ፣ ሳይጠይቀኝ እናገር ነበር። የትኛው ይበልጣል እያልኩ ስመዝን ኖሬያለሁ፤ አሁን መመዘኑ ሰልችቶኛል።

አልረሳህም። ጭንህ ላይ ልጅ አስቀምጠህ የምትስቀውን አስታውሳለሁ፣ የምትጮኸውንም አስታውሳለሁ። ከእንግዲህ ግን ለልጆችህ ግማሹን ብቻ አልተርክላቸውም።

ይህን ወረቀት መቃብርህ ላይ አላነበውም። ነገ ወንድምህን ይዤ ወደ ገልገሎ ቤት እሄዳለሁ፤ ወንድምህ ቆሞ እየሰማ፣ ቃል በቃል አነብለታለሁ። ስጨርስ ወረቀቱን እዚያው እተወዋለሁ። የገልገሎ ነው።

ዘነበች